ወስፌው ከወጋ በኋላ ማን ያቆመዋል?

ምራቴ ዘቢደር ሰነፍ ናት ብዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለደባርቅ ሰው አውርቻለሁ። ያልኩትን አልክድም። በገበያ ብያለሁ፣ በማኅበር ብያለሁ፣ እናቷ ፊትም ብያለሁ። ምን ልበል ታዲያ? ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሦስት ቦታ ትቀመጣለች። እኔ በስልሳ ስምንት ዓመቴ አቀበቱን ጨርሼ ዘወር ስል፣ እርሷ በሃያ ስምንቷ መንገድ ዳር ደረቷን ይዛ ተቀምጣለች።

«አንቺ! ድንጋዩን አሞቅሽው እኮ፤ እንቁላል ልትፈለፍይበት ነው?» እላታለሁ።

መልስ አትሰጥም። «እሺ እማዬ» ብላ ትነሣለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቀመጣለች። ይኸ «እሺ»ዋ ነበር ይበልጥ የሚያናድደኝ። የሚመልስልኝ ሰው ብሰድብ ደስ ይለኛል፤ የማይመልስ ሰው መስደብ ግን ጭድ መውቃት ነው።

በዚህ ላይ ልጅ አልወለደችም። ልጄ ቻላቸው በስሜን ፓርክ ለቱሪስት ዕቃ የሚጭኑ በቅሎዎች አሉት፤ እሱ ከበቅሎዎቹ ጋር ተራራ ላይ ይከርማል፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የልጅ ልጅ እያልኩ ምራቴን እነዘንዛለሁ። ኑሯችን ይኸው ነበር።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ለጥምቀት አገሩ የገባ አንድ ሐኪም ደባርቅ መጥቶ ሰው ሊያይ ነው ተባለ። ፀጋው ይባላል፤ አዲስ አበባ የሚሠራ የልብ ሐኪም ነው፣ የዳባት ልጅ። «ዳባት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የምታበቅለው?» ብዬ ሄድኩ። የሄድኩት ለጉልበቴ ነው። የልብ ሐኪም ነው ሲሉኝ፣ ልቡን የሚያውቅ ጉልበት አይጠፋውም አልኩ። ዘቢደር የመጣችው በርጩማዬን ልትይዝልኝ ነው።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሙ እኔን ትቶ ከኋላዬ ያየ ጀመር።

«እማማ፣ ይህች ልጅ ትቅደም» አለኝ።

«እሷ አልታመመችም። ስንፍና ነው ያለባት።»

ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ በጎኗ አስተኝቶ ደግሞ አዳመጠ። ሐኪም ዝም ብሎ ሲቆይ ደግ ነገር አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

«በልጅነትሽ ጉሮሮሽን አሞሽ፣ ከዚያ ጉልበትና ክርንሽን ሁሉ አብጦ ያውቃል?» አላት።

«አዎ፤ ስምንት ዓመቴ ላይ። አንድ ክረምት ሙሉ አልተነሣሁም» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ያኔ የያዛት በሽታ ልቧ ውስጥ ያለውን አንዱን በር ጠፍሮ አጥብቦታል። ሁለት ጣት በሚያሳልፍ በር ፋንታ አሁን እርሳስ የምታህል ሽንቁር ናት የቀረቻት። ደሟ በዚያች ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። በዚህ ልብ ከወንዝ ውሃ መቅዳቷ እኔን ይገርመኛል።»

እኔ ባንቻየሁ፣ በዳኛ ፊት አፌ ተይዞ የማያውቅ ሴት፣ አፌ ተያዘ።

«እንዲህ ብትቆይስ?» አልኩት በመጨረሻ።

«ብታረግዝ ወሊዱን ላታልፈው ትችላለች። ባታረግዝም ብዙ ዓመት አትቆይም።»

የልጅ ልጅ እያልኩ የነዘነዝኳት ትዝ አለኝ። ጉልበቴን ሳላሳይ ወጣሁ።

ፀጋው ግን መላ ነበረው። መጋቢት ላይ ከውጭ አገር አንድ አስተማሪው አዲስ አበባ ይመጣል፤ ደረቷን ሳይቀዱ፣ በብሽሽቷ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልቧ ሰድደው የጠበበውን በር በፊኛ ይከፍቱታል። «ስሟን ጽፌዋለሁ፤ አምጧት» አለን።

ማን ይውሰዳት? ባሏ ይውሰዳት እንዳትሉኝ። ቻላቸው ገደል ለገደል በቅሎ የሚነዳ ወንድ ነው፤ ደም ሲያይ ግን ይወድቃል። ለፋሲካ በግ የሚያርድልን ጎረቤት ነው። ባለፈው ጊዜ እግሩን ልያዝ ብሎ ከበጉ ቀድሞ ተዘረረ። ስለዚህ እኔ ወሰድኳት። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ እርሷ እያሳለች፣ እኔ መስኮት ዝጉ አትዝጉ እያልኩ ከተሳፋሪው ጋር እየተጣላሁ፣ አንድ ጀሪካን የሚካኤል ጸበል በጭኔ መካከል ይዤ ደረስን።

ሆስፒታሉ ንጹሕ ነው፤ ነውር አላወራበትም። ሲስተር ሊድያ የምትባል፣ ጥርሰ ፍንጭት ነርስ ተቀበለችን። ተራችን ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ መጀመሪያ ሆነ። ረቡዕ ማታ ሊድያ መጥታ «ከአሁን በኋላ ምንም እንዳትቀምስ፤ ምግብም ውሃም» አለች።

«ዐቢይ ጾም እኮ ነው ልጄ። መጾም እኛን አታስተምሪን» አልኳት።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ዘቢደርን ቀሰቀስኳት። ፊቷን በጸበል አበስኩ፤ እምነቱን፣ የተባረከውን አፈር፣ በጸበሉ በጣሳ በጠበጥኩላትና «በስመ ሥላሴ» ብላ ሙሉውን ጠጣችው። ጸበል በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነገር ነው። በአገራችን ጸበል ጠጥቶ ጾም ፈታ የተባለ ሰው የለም። ኋላ ሊድያ መጥታ «ምንም አልቀመሰችም አይደል?» ስትል «ምንም» አልኳት። ዋሽቼ አይደለም፤ ምላሴም ልቤም ንጹሕ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ፀጋው የፈቃድ ወረቀት ይዞ መጣ። ዘቢደር አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ለራሷ ፈርማ ጨርሳለች፤ «የቤተሰብም ያስፈልጋል፤ እማማ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉልኝ» አለ።

«ምን እንደምታደርጓት ሳላውቅ ጣቴን አላሳርፍም።»

ዘቢደር «እማዬ፣ እባክዎ…» አለች።

«ተይው፣ ይጠይቁኝ» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ይህን ወደድኩለት። ወረቀቱን ገልብጦ አራት ክፍል ያለው ቤት ሣለ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። «ይህ ልብ ነው። የታመመው በር እዚህ፣ በግራ በኩል ነው። እኛ በእግሯ የደም ሥር ስንገባ የምንደርሰው ግን በቀኝ በኩል ላይኛው ክፍል ነው።»

«መካከሉ ላይ ግድግዳ አለ።»

«አለ።»

«በርስ?»

«በር የለውም። እንወጋዋለን።»

እኔ ስፌት የምሰፋ ሴት ነኝ። በደባርቅ ገበያ የእኔን ሌማት ከሌላው የማይለይ ዕውር ብቻ ነው፤ እሱም ዳብሶ ይለያል። ስለ መውጋት የማላውቀው የለም። ስንደዶውን በአክርማ እየጠመጠምኩ ስሄድ ወስፌዬ የፊተኛውን ዙር ወግቶ ማለፍ አለበት። ሲያልፍ ደግሞ የግራ አውራ ጣቴ በስተ ጀርባ ይጠብቀዋል። ጫፉ ብቅ ሲል ጣቴ ይሰማዋል፣ እጄ ይቆማል። ጣቷን የማታስጠጋ ሴት ወስፌዋ ዘልቆ የማይገባውን ይሰነጥቅባታል።

«ስማኝ ልጄ» አልኩት፤ «እኔ ስወጋ ከኋላ አውራ ጣቴ አለ። አንተ ልቧ ውስጥ አውራ ጣትህን የት ልታደርገው ነው? ወስፌው ከወጋ በኋላ ማን ያቆመዋል?»

ፀጋው አየኝና ሣቀ። «እማማ፣ ይህን ጥያቄ እኔ ለመጠየቅ ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ» አለ። ተነሥቶ ወጣ፤ ሲመለስ ለመለማመጃ የሚይዟትን አንዲት ቱቦ ይዞ መጣ። ከውስጧ የበቅሎ ጭራ የምታህል ሽቦ አለች፤ ጫፏ ሹል። መዳፌን አስዘረጋኝና ቱቦዋን አስጠግቶ ሽቦዋን ትንሽ ብቅ አደረጋት። ነከሰችኝ። ከዚያ ገፋ ሲያደርጋት ከቱቦው ወጥታ በራሷ ላይ ተጠቀለለች፤ ልክ እንደ በግ ቀንድ። መዳፌ ላይ ጫናት፤ ምንም አልወጋኝም። አሻሸኋት፤ ምንም።

«ቱቦው ውስጥ እስካለች ቀጥ ብላ ትወጋለች» አለ። «ግድግዳውን እንዳለፈች ግን ቀጥ አድርጎ የሚይዛት የለም፤ ትጠቀለላለች። ከወዲያ ያለውን የልብ ግድግዳ ብትነካ እንኳ በሹሏ አትነካውም። በእርሷ ላይ ቱቦውን አሳልፈን፣ ፊኛውን በሩ ድረስ እንወስዳለን።»

ደጋግሜ ሳብ መለስ አደረግኋት። እውነቴን ነው፣ ይዤያት ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

«ማን ነው ይህን ያሰበው?»

«እንጃ፤ ውጭ አገር ያለ ሰው ነው።»

«እናቱ ስፌት ትሰፋ ነበር» አልኩ። ዘቢደር እንኳ ሣቀች።

«ግድግዳው ሁሉ እኩል አይደለም» አለ ፀጋው፤ «መካከሉ ላይ ስስ ቦታ አለ። ከዚያ ውጭ ከወጋን አደጋ ነው።»

«ስሱን በምን ታየዋለህ? በጭፍን ነው?»

«አይደለም። ልብ ከምግብ መውረጃው ፊት ነው ያለው። ስለዚህ በመድኃኒት አደንዝዘን፣ እንደ ጣት ያለ ማያ በጉሮሮዋ እናወርዳለን። እኛ ስንወጋ እሱ ከኋላ ሆኖ ያሳየናል። ምንም አትቅመስ ያልነውም ለዚሁ ነው፤ ሆዷ ውስጥ ውሃ እንኳ ቢኖር ደንዝዛ ሳለች ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባዋ ይገባል። ታንቃ ትሞትብናለች።»

ልፈርም ጣቴን ቀለሙ ላይ አሳርፌ ነበር፤ እዚያው ቀረ።

ዘቢደርን አየኋት። እርሷም አየችኝ። ራሷን በዝግታ ወዘወዘችልኝ፤ ዝም ይበሉ ማለቷ ነው። ፀጋው ወረቀቱን ሲያስተካክል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጸበል ነው እማዬ፤ አይገድለኝም። ተራዬ ካለፈ ግን አበቃልኝ» አለች።

እግዜር ያውቃል፣ አንድ እስትንፋስ ያህል ዝም አልኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ጠጥታለች» አልኩ።

ሊድያ ከበሩ ዘላ ገባች። «ምንም አልቀመሰችም አላሉኝም?»

«ጸበል ነው የጠጣችው።»

«ስንት?»

«አንድ ጣሳ። እምነት የተበጠበጠበት።»

«ውሃ እኮ ነው እማማ!»

«አንገትሽ ላይ ያለውን ማተብ ይዘሽ፣ ጸበል ውሃ ነው በይኝ እስቲ!»

ሊድያ ማተቧን ነካ አደረገች። ፀጋው ነው የመለሰልኝ። «እማማ፣ እርስዎም እኔም ልዩነቱን እናውቃለን። ሆዷ ግን አያውቅም።»



የእርሷ ተራ ከበየዳ ለመጣ ዋሴ ለሚባል ጎልማሳ ተሰጠ፤ በሽታቸው አንድ ነው። «ስድስት ሰዓት ያህል ትጠብቅ፤ ከዋሴና ከእሱ ቀጥላ ከምትገባው ሴት በኋላ ጊዜ ከተረፈ እናስገባታለን» አለ ፀጋው። ጊዜ ከተረፈ! አስተማሪው ፈረንጅ በዘጠኝ ሰዓት ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳል። ፀጋው ደግሞ ያለ እሱ ገና ብቻውን አይወጋም፤ «እጄ ያውቃል፤ ግን በሰው ነፍስ አልመካም» አለኝ። እኔም ስፌት ስማር እናቴ አጠገቤ ሳትቀመጥ ወስፌ አልጨበጥኩም፤ አልፈረድኩበትም።

ተቀምጠን ጠበቅን። ዋሴ ገባ፣ ወጣ። ሁለተኛዋ ገባች፤ እርሷ ዘገየች። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ሆነ። ስምንት ተኩል ሲሆን ፀጋው አንገቱን አቀርቅሮ መጣ።

«ጊዜ አልተረፈንም እማማ። ሰውየው መሄዱ ነው። በሚመጣው ዓመት ይመለሳል፤ ስሟ መጀመሪያ ይሆናል።»

በሚመጣው ዓመት! ዘቢደርን አየሁ። ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ እኔን ትረግማለች ብዬ ጠበቅሁ። እርሷ ግን ነጠላዋን ሰብስባ «እሺ» አለች።

ያ «እሺ» ደረቴን ሰነጠቀው። ዘጠኝ ዓመት እየሰደብኩ፣ ለሞትም እሺ የምትል ሴት አድርጌያታለሁ።

ተነሥቼ ግቢ ወጣሁ። የአበባ መደቡን ዳር ዳሩን በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ከበውታል። ከነዚያ ከበድ ያለውን መርጬ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ ጫንኩት። በአገራችን ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ተበዳዩ ይቅር ብሎ በእጁ እስኪያነሣለት አያወርድም። እኔ በዕድሜዬ ተሸክሜ አላውቅም። ሌሎች ለእኔ ተሸክመው መጥተዋል፤ አንዷን እንዲያውም ከጠዋት እስከ ቀትር አቁሜያታለሁ። ድንጋይ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት በዚያ ሐሙስ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ፈረንጁ ኮቱን ለብሶ ብቅ አለ። ረጅም፣ ቀይ፣ ጢሙ እንደ ገብስ ነዶ። እኔ ጎንበስ ብዬ ወደ እሱ ስሄድ ድንጋዩን አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ልወረውርበት መስሎታል። ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

«አትንኳቸው!» ብሎ ጮኸ ፀጋው።

እግሩ ሥር ተንበረከኩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ያስጠጣኋት እኔ ነኝ፤ እርሷ ጥፋት የለባትም። ልቧ ታሞ ሳለ ዘጠኝ ዓመት ሰነፍ ያልኳትም እኔ ነኝ። ልጅ ውለጂ ብዬ ወደ ሞት የገፋኋትም እኔ ነኝ።» የኋለኛው ፈረንጁን አይመለከተውም፤ ግን ድንጋይ ተሸክሞ ግማሽ ኃጢአት አይነገርም።

ፀጋው በእንግሊዝኛ ያስረዳዋል። አስታማሚው ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ ቆሟል። አንዲት ሴት «ይቅር በላቸው!» ስትል፣ ሁሉም «ይቅር በል! ስለ ማርያም!» እያለ ፈረንጁን ያዘው። ዋሴ እንኳ በአልጋው ላይ ተኝቶ በክፍሉ በር «ኧረ ይቅር በል አንተ ሰው!» ይላል። ፈረንጁ ግራ ገብቶት ወዲህ ወዲያ አየ፤ የተናገረውን ፀጋው ተረጎመው።

«ምን ማድረግ አለብኝ? ይላል።»

«ወይ ያንሣልኝ፣ ወይ እንደተሸከምኩ ይሂድ» አልኩ።

ፈረንጁ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሣልኝ። ቀና ስል ኮቱ ሁሉ ኖራ ሆኗል። ድንጋዩን ታቅፎ ትንሽ ቆመና ለዘበኛው ሰጠው፤ ከዚያ ኮቱን አወለቀ። ፀጋው ሣቀ።

«አውሮፕላኑን ለነገ አዛውሩልኝ አለ። እማማ፣ ጣትዎን አምጡ!»

ዘቢደር በዘጠኝ ሰዓት ገባች። እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎት ጀምሬ ያን ግድግዳ አሰብኩ፤ ስሱን ቦታ፣ ሽቦዋን። ደግሞ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እጄ ሳላውቀው ነጠላዬን በአውራ ጣቴ ከኋላ ደግፎ ይይዛል።

በሩ ተከፈተና ፀጋው ጭምብሉን አወረደ። ላቡ ግንባሩ ላይ ነው። «አለፈች! አልፋ ተጠቀለለች። በሩም ተከፍቷል፤ ሁለት ጣት ያሳልፋል።»

«ማን ወጋ? አንተ ነህ ወይስ ፈረንጁ?»

«እኔ። እሱ እጁን አጣምሮ አጠገቤ ቆሞ ነበር።»

እልል አልኩ። ሊድያ «እማማ፣ ሆስፒታል ነው!» ብትለኝ «አንቺም እልል በይ!» አልኳት፤ አለችም። ያን ቀን እሱን፣ እናቱን፣ ዳባትን ከነገበሬዋ መረቅሁ።

ዘቢደርን ማገገሚያ ክፍል፣ ከዋሴ አልጋ ቀጥሎ አስተኟት። ከንፈሯ ከጥቁር ወደ ቀይ ዞሯል። በብሽሽቷ የገቡበት ቦታ እንዳይደማ ቀኝ እግሯን እንዳታጥፍ፣ ቀናም እንዳትል ታዘዘች። ጉሮሮዋ ከድንዛዜው ሲነቃና ምግብ ሲፈቀድላት፣ እኔ ሽሮ በእንጀራ እየጠቀለልኩ አጎርሳት ጀመር። እኔ! አማት ለምራት! ትንሽ ትንሽ አድርጌ ሳጎርሳት እያየችኝ ታላምጣለች፤ የማትቸኩለው ደግሞ ሆን ብላ ነው።

ቻላቸው ስልክ ደወለ።

«ተርፋለች» አልኩት። «አንተ ግን እንዴት ነህ? አልወደቅህም?»

ስልኩን ስዘጋ ዘቢደር «እማዬ» አለች።

«ምን ላምጣ?»

«ኮሪደሩ ላይ ስለ እኔ ተናገሩ አሉ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ከሰማ ሰማ።»

«እኔ አልሰማሁም። ክፍል ውስጥ ነበርኩ።»

«ታዲያስ?»

«ለእኔም ይንገሩኝ።»

ቤታችን ከገባች ጀምሮ እንዲህ ደፍራ ተናግራኝ አታውቅም። ዞር ብዬ አየሁ። ዋሴ የተኛ ይመስላል፤ አልተኛም፣ ይሰማል። ሊድያ ሙቀት መለኪያዋን ይዛ ቆማለች፤ የምትለካው ሰው ግን የለም። እጄ ላይ ጉርሻ አለ።

«ሰነፍ አልነበርሽም» አልኳት። «ያላየሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ጣራውን አየች። የእኔም ልብ በዚያን ጊዜ ምን ያህል እንደሚመታ ያወቀ ሐኪም የለም። ከዚያ አፏን ከፈተች። መልስ ልትሰጠኝ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ እርሷ ግን አፏን እንደከፈተች ቆየች። አጎረስኳት። አላምጣ ዋጠች።

«ይቅር ብያለሁ» አለች፤ «ጉርሻው ግን አነሰ።»

ዋሴ በሣቅ ፈነዳና «ወይኔ እግሬ!» አለ። እኔ እንጀራውን ሰፋ አድርጌ ቆረስኩ።